በሩን መልሰው

እዚያ ሩቅ ተቀምጣ እዚህ ቤት ላይ ለምታዝዘው ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃው ያስቸግረኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን እየሰደብሽ ነው የምትወጪው? ባልሽ እንዴት ነው፣ ያ ሳል ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ትንሹስ፣ ጥርሱ ላይ ያሰሩለት ብረት ወለቀለት? ያንን ብረት አድርጎ ሲስቅ የላክሽልኝን ፎቶ እያየሁ እኔም አብሬው እስቃለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ብቻ ብዬ ባልፈው ግን ይቆጨኛል፤ ዛሬ ደስታ ሊገድለኝ ነው። ስለ እማዬ ለመስማት እንደቸኮልሽ አውቃለሁ። አትቸኩዪ፣ ዛሬ የሆነውን በተራው እነግርሻለሁ፤ አሁኑኑ ብነግርሽ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ።

ባለፈው በስልክ «እማዬ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ወሬ የለወጥኩብሽ የምመልስልሽ ስላልነበረኝ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከበር ነው። የእማዬን ክፍል በር መቼም ታስታውሺዋለሽ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተው፣ ሲከፈት ቁም ሳጥኑን የሚገጨው፣ ሲጥጥ የሚለው። እማዬ ዳሌዋን ከተጠገነች ወዲህ የምትሄደው ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ይዛ ነው። ስም አውጥታለታለች፣ «በቅሎዬ» ትለዋለች። «በቅሎዬን አቅርቡልኝ»፣ «በቅሎዬን ማን አሰረብኝ» ስትል እንግዳ ከሰማ ጓሯችን ጋጣ ያለ ይመስለዋል። ታዲያ ከክፍሏ ለመውጣት በሩን ወደ ራሷ መሳብ አለባት፤ በሩ ወደ እሷ ሲመጣ ደግሞ እሷ ከነበቅሎዋ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለባት። ወደ ፊት መሄዱን ችላዋለች፣ የኋልዮሹ ነው ያስፈራት። አንድ ጊዜ በሩና ቁም ሳጥኑ መሃል ተቀርቅራ አገኘኋትና ሁለታችንም በሳቅ አሳለፍነው፤ የእሷ ሳቅ ግን የሳቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ መውጣቱን ተወችው። መጀመሪያ ቁርሷን፣ ቀጥሎ ምሳዋን፣ በመጨረሻ እራቷንም «እዚሁ አምጡልኝ፣ እዚህ ይሞቃል» ማለት ጀመረች። ከፍተን እንተወው ስንላት ደግሞ አይሆንም፤ «ልብስ ስቀይር መንገደኛ ሁሉ ሊያየኝ ነው?» መንገደኛ ያለችው እንግዲህ ባለቤቴን ነው።

ይህን ታናሻችን ሰማ። ልቡ ደግ ነው፣ አልክድም፤ አንድ ነገር ከወሰነ ግን ፍሬን የለውም። «የእኔ ቤት በሩ ሁሉ ሰፊ ነው፣ ሥራዬን አስተካክዬ አንድ እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብሎ ደወለ። እማዬን ብጠይቃት «እሺ፣ እሄዳለሁ፤ ለእናንተም ይቀላችኋል» አለችኝ። እሺታዋን ታውቂው የለ? ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሺ» ካለች እምቢ ማለቷ ነው። አፍ አውጥታ ግን አትለውም፣ ሸክም የሆነችብን ስለሚመስላት። ያን ቡናማ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አስወረደችና አልጋዋ ግርጌ አቆመችው። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሻንጣው ቀና ብሎ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። እንግዲያው ለታናሻችን «አንተ በመጣህበት ቀን እማዬ ማንም ሳይደግፋት ከክፍሏ ወጥታ ከእኛ ጋር ጠረጴዛ ከቀረበች ትቀራለች፤ ካልወጣች ውሰዳት፣ አፌን አልከፍትም» አልኩት። «አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ? ተስማምቻለሁ!» አለኝ፣ ባለጌ።

ባለቤቴን «መሐንዲሱ» ያልሽው አንቺ ራስሽ ነሽ። የጋራዥ ዕቃ ጠባቂ መሆኑን ረስቶ በስሙ አምኖበታል። ወዲያው ሜትሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ። በሩን ለካ፣ ግድግዳውን ለካ፣ በቅሎዋን ለካ፣ እማዬንም ከነሹራቧ ሊለካ ጠጋ ሲል «ገና ሳልሞት?» አለችው። ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ጥርቅም ብሎ ተጠቀለለ።

ምን ዓይነት በር ይሁን በሚለው ቤቱ ፓርላማ ሆኖ ሰነበተ። እኔ መጋረጃ አልኩ። እማዬ «መጋረጃ ላይ በምን ይንኳኳል?» ብላ ጣለችው። ሰው ወደ ክፍሏ ሲመጣ ማንኳኳት አለበት፣ እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ከዚያ ያንን የሚታጠፍ የፕላስቲክ በር ለማየት ሱቅ ሄድን፤ ስስበው እንደ አሮጌ አኮርዲዮን አንቋረረ፣ ታጥፎም ቢሆን መተላለፊያውን እኩል ሊካፈለን ነው። በግድግዳው ፊት ለፊት የሚንሸራተት አለ፣ እሱ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ወዴት ይንሸራተት? በመመገቢያው በኩል ፍሪጁ ቆሟል፣ በእማዬ በኩል ቁም ሳጥኑ። በመጨረሻ አንድ አናጢ መጥቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ለምን ኪስ በር አናደርገውም?» አለን። ኪስ በር ማለት እትዬ፣ ግድግዳው ውስጥ ኪስ ይሠራለትና በሩ ሲከፈት ወደ ጎን ሄዶ እዚያ ውስጥ ጥልቅ ይላል። ወደ አንቺ አይመጣ፣ ቦታ አይዝ፣ ጭራሽ የለም! እማዬ እንዲገባት ብዬ እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከትቼ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ግድግዳው ሲጠግብስ?» አለችኝ።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። የድሮው ግድግዳ ድፍን ብሎኬት ነው፣ ኪስ አይወጣለትም። ስለዚህ ፍሪጁን ወደ ወጥ ቤት አስገብተን፣ በመመገቢያው በኩል የእንጨት ማገር ቆሞ በጂፕሰም ተሸፈነና ሁለተኛ ስስ ግድግዳ ሆነ፤ በሁለቱ መሃል የቀረው ክፍተት ኪሱ ነው። ክፍላችን በአንድ ስንዝር ጠበበ፣ ግን ማን አየው? የመብራቱ ማብሪያ እዚያው ላይ ስለነበር ወደ ሌላው ጎን ተዛወረ፤ እኔ ግን እስካሁን ስገባ ባዶ ግድግዳ እጫናለሁ። መተላለፊያውም ሰፋ ተደርጎ ተከፈተ። ሐዲዱ ከላይ ነው፣ በሩ በትናንሽ ጎማዎች ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ በቅሎዋ እንዳትደናቀፍ መሬቱ ላይ ምንም ነገር የለም። እጀታውን በተመለከተ ባለቤቴ ጎድጎድ ብሎ በሩ ውስጥ የሚቀበረውን ወደደ፣ ፎቶው ላይ ያምራላ። እማዬ ግን ጣቷን ብትከት አልይዝ አላት፤ የጣቷን ነገር ታውቂያለሽ፣ ጠዋት ጠዋት አይታዘዛትም። ስለዚህ በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይሰወር፣ ተከፍቶም ቢሆን ጫፉ ከኪሱ ትንሽ ብቅ እንዲል ተደረገና፣ እዚያ ላይ በጠቅላላው እጇ የምትይዘው ቀጥ ያለ እጀታ ተገጠመለት።

አናጢው ደግሞ «በዚህ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዳትመቱ፣ በሩን ከነኪሱ ትሰፉታላችሁ» ብሎ አስጠነቀቀን። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ በትልቁ ጽፎ ለጠፈ፦ «ተጠንቀቅ፣ ውስጥ በር አለ!» እማዬ በመነጽሯ አንብባ «ይናከሳል?» አለች።

አሁን ዋናው ጉድ መጣልሽ። አናጢው ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ባርኔጣውን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ጭምር የሚያወልቅ ሰው ነው፤ ያዘዙትን ከማድረግ ሌላ አያውቅም። ዓርብ ዕለት አሮጌው በር ተነቅሎ ሄዷል፣ ሐዲዱ ተሰቅሏል፣ የቀረው አዲሱን በር ማንጠልጠል ብቻ ነው። እኔ ክሊኒክ ካርድ ክፍሌ ነኝ፣ ባለቤቴ ጋራዥ ነው፣ ልጄ ትምህርት ቤት ናት። አናጢው በሩን ተሸክሞ ሲገባ የውጭውን በር ክፍት ትቶታል። የእማዬ ክፍል በር የለው፣ ነፋሱ ቀጥታ አልጋዋ ላይ መጣ። እማዬም ከውስጥ ሆና እንደ ልማዷ «ልጄ፣ በሩን መልሰው» አለችው።

እሱ እንግዲህ በሁለት እጁ የያዘው በር አለ። ቆመና «አሁን፣ እማማ?» አላት። «አዎ አሁን፣ ምን ትጠብቃለህ?» «ተሠርቶ ካለቀ በኋላ?» «ቢያልቅስ!» ብላ ደነቃት። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲላት «በር ለመመለስ ደግሞ ምን እርግጠኝነት ያስፈልገዋል፣ እየበረደኝ እኮ ነው!» አለችው። እሱም በሩን መኪናው ላይ ጫነና ወደ መሥሪያው ይዞት ሄደ። ሲወጣ ደግሞ፣ ጨዋ አይደል፣ የውጭውን በር ቀስ አድርጎ መልሶት ወጣ! ነፋሱ ቆመ። እማዬም «ምን ያለ ታዛዥ ልጅ ነው» ብላ መርቃው ጋደም አለች።

ከሥራ ስገባ ግድግዳው አፉን ከፍቶ ቆሟል። «እማዬ፣ በሩስ?» አልኳት። «መለሰው» አለችኝ። «ወዴት?» «ወደ ቦታው ነዋ!» አለችና ገላመጠችኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ፣ ኪሱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው ብዬ እጄን ብሰድ የለም። የእጅ ባትሪ አብርቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ባለቤቴ ሲመጣ ወገቤ ውጭ፣ ጭንቅላቴ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ አገኘኝ። «ምን ጠፋብሽ?» «በሩ!» ስለው «ደህና ፈልገሻል?» አለኝ፤ በር እንደ መርፌ ወድቆ የሚጠፋ ይመስል! አናጢው ጋ ስንደውል በተሰበረ ድምፅ «እማማ መልሰው አሉኝ፣ መለስኩት። ሥራዬን ካልወደዱት ምን አደርጋለሁ» አለን። ልኩን የሚፈልግ ሌላ ሰው ስላለ ጠዋት መጥቶ እንዲያየው መንገሩንም ጨመረልን።

እትዬ፣ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቀኑን ቆጠርኩ። ታናሻችን የሚመጣው ይኸው እሑድ ነው። በሩ ጠቧታል ብሎ ሊወስዳት የሚመጣ ሰው ጭራሽ በር የሌለው ክፍል ሊያገኝ ነው! እማዬም ነገሩን ስትሰማ፣ «በር በሌለው ክፍል ማን ይኖራል» አለችና ሻንጣውን በእግሯ ትንሽ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ያቺ ሳብ ማድረጓ አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ የአናጢው መሥሪያ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ገባ ስል አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት በራችንን እንደ ፈረስ እየደባበሰች ቆማለች። «ይቅርታ እህቴ፣ ይኼ በር የእኔ ነው» አልኳት። «ስምሽ ተጽፎበታል?» አለችኝ ዘወር ሳትል። የእኔማ አልተጻፈም። መሐንዲሱ ግን ሲለካ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «የእማዬ» ብሎ ጽፎ ነበርና አዙሬ አሳየኋት። «ታዲያ እማዬ ለምን መለሱት?» ስትለኝ ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኳት፤ እኔን ታውቂኛለሽ፣ ነፋሱንም ሳላስቀር ነው። እያዳመጠች መጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥሎ ከት፣ በመጨረሻ በሩን ተደግፋ ተንፈራፈረች። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ደንበኞቼን በሩን መልሱ፣ በሩን መልሱ ስል ነው የምውለው! ይኼ ሰውዬ ሱቄ ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መስኮትም አይተርፈኝም ነበር» አለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ለእናት ከሆነ ውሰጂው፣ እኔ እጠብቃለሁ» ብላ አንዱን ጫፍ ራሷ አንስታ አስጫነችኝ። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ እትዬ።

አናጢው በሩን ይዞ እኛ ቤት ሲደርስ እማዬ ካልፈቀደች መፍቻውን አላነሳም አለ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ክፍሏ አፍ ላይ ቆመና «እማማ፣ መልሰው ሲሉኝ እኮ…» ብሎ ቃሉ ጠፋው። «ልጄ፣ እኔ ነፋሱን አስቀርልኝ ማለቴ ነው» አለችው። «ታዲያ ዝጋው ቢሉኝስ?» ሲላት «እንዴት ልበልህ? በር ይመለሳል። ዝጋማ ለአፍ ነው!» አለችው። ድምፁ እዚያው ላይ ተመለሰለት፤ ከት ብሎ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተሰቀለ። ልጄ በአንድ ጣቷ ብትገፋው ሽሽሽ ብሎ ሄደ፣ ውሃ ላይ ያለ ቅጠል በዪው። እማዬን «እስኪ ሞክሪው» ብላት «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» አለችና በሩን ከውስጥ ሳብ አድርጋ መለሰችው። ሻንጣውም እዚያው ከእሷ ጋር ነው። እኔ እንግዲህ ትቀራለች ልበል ትሄዳለች ልበል?

ዛሬ ታናሻችን በምሳ ሰዓት መጣ። ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል፣ የእማዬ ወንበር ባዶ ነው። በሩን አላንኳኳሁም፣ አልተጣራሁም፤ ማንም ሳይደግፋት ነው የተባባልነው። ምግቡ መቀዝቀዝ ጀመረ። ታናሻችን አንዴ ወንበሩን አንዴ እኔን አየና፣ እሱም ደስ ሳይለው «እንግዲህ ልግባና ሻንጣዋን ላውጣላት» ብሎ ተነሣ። ይኼኔ ቆ፣ ቆ የሚል ድምፅ ሰማን። የውጭው በር መስሎን ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። እንደገና ቆ፣ ቆ! ለካ ከእማዬ ክፍል ነው፤ ከውስጥ ሆና በራሷ በር ላይ ታንኳኳለች። ልጄ ግራ ገብቷት «ይግቡ!» አለች።

በሩ ሽሽሽ ብሎ ሄዶ ኪሱ ውስጥ ጠለቀ። እማዬ ፀጉሯን አበጥራ፣ ያንን አንቺ የላክሽላትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ በቅሎዋን ይዛ ቆማለች። «የእናንተ ክፍል ስለሆነ ነው ያንኳኳሁት፤ ቦታ አለ?» አለች። እሷም መልስ አልጠበቀችም፣ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ብቻ እየሄደች መጥታ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ፣ አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ አልቅሻለሁ፤ ግን ሰላጣ እያቀረብኩ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ከዚያ እማዬ ከልማዷ «ልጄ፣ በሩን መልሰው» አለችው ታናሻችንን። ስትወጣ ያየው እሷን ብቻ ነበርና ዘወር ቢል በር የለም! እጀታውን አይቶ የፎጣ መስቀያ መስሎት አለፈው፤ ግድግዳውን ዳበሰ፣ የድሮው ማጠፊያ የነበረበትን ነካካ፣ «የቱን በር?» ብሎ እኛን አየን። እኛ በሳቅ ሞተናል። ባለቤቴ በኩራት ወደ ጽሑፉ ጠቆመው፦ «ተጠንቀቅ፣ ውስጥ በር አለ!» ሲያገኘውማ እንደ ልጅ ሆነ፤ ሳብ ያደርገዋል፣ ይገፋዋል፣ ደግሞ ይስበዋል። እማዬ እያየችው ቆየችና «ተወው፣ ኪሱ ውስጥ ይረፍ» አለችው። «የሚመለስ ነገር ከፈለግክ ያ ሻንጣ አለልህ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መልሰው።» ይህን ስትል ዓይኗ መስኮቱ ላይ አልነበረም፣ ድምጿም ዝቅ አላለም። ታናሻችን ሻንጣውን አንሥቶ በእግሩ ጣት ቆሞ ቦታው አደረሰው፤ ሲወርድ አቧራውን ከእጁ እያራገፈ «ለካ ባዶ ነው!» አለ። እማዬ ዳቦዋን እየቆረሰች «ታዲያ የት ልሄድ?» አለችው።

እንግዲህ ይኸው ነው መልሴ። አሁን እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የምጽፈውን ለማየት አንገቷን ታሰግጋለች፣ «ስለ በቅሎዬ ጻፍሽላት?» ትለኛለች። ጉልበትሽን በደንብ ያዢ፣ ደረጃውንም አትስደቢው ብላሻለች። ባልሽን ሳሉን እንዳይንቅ ንገሪልኝ፤ ትልቋን ሳሚልኝ፣ በሥራዋ እኮራባታለሁ በያት፤ ትንሹን እንደዚያው እንዲስቅልኝ አደራ። መሐንዲሱ የቤትሽን በሮች ልክ ላኪልኝ ይልሻል፣ ባትልኪለት ይሻልሻል። ልጄ በአክስቷ ጉንጭ ላይ ሁለት ጊዜ ቆ፣ ቆ አድርጉልኝ ብላለች። ታናሻችን ገና አልሄደም፤ በሩ አጠገብ ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ፣
ከመመገቢያ ክፍላችን፣ ከእማዬ ወንበር ፊት ለፊት፤
እሑድ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ።